የመጀመሪያው ማኪንቶሽ

ማኪንቶሽ የአሜሪካው አፕል ኩባንያ ጥር 15 ቀን 1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 1984) ለገበያ ያቀረበው የግል ኮምፒዩተር ነው። በኋላ ከተከታዮቹ ለመለየት ማኪንቶሽ 128ኬ ተብሏል። ትእዛዝን በጽሑፍ ከመስጠት ይልቅ በስክሪን ላይ ያሉ ስዕሎችን በማውስ እየጠቆሙ መሥራት ከእርሱ በፊትም የታወቀ ዘዴ ነበር። ሆኖም ይህን ዘዴ በብዙ ሺህ ለሚቆጠሩ ተራ ገዢዎች ያዳረሰ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ማኪንቶሽ ነው።

መሣሪያው በታሪክ የሚነሣው በአሠራሩ ብቻ ሳይሆን በሠሪዎቹ ላይ በጣለው ሸክምም ነው። አብዛኞቹ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ ጥቂት መሐንዲሶችና ፕሮግራመሮች፣ በአንድ ዓመት ያልቃል የተባለውን ሥራ በሦስት ዓመት ጨረሱት። ለተጠቃሚው ቀላል ሆኖ የሚታየው ነገር ሁሉ ለሠሪው ከባድ ነበር። ከተጠየቁት ከባድ ነገሮች ከፊሉ ለተጠቃሚው የሚበጅ ሲሆን፣ ከፊሉ ደግሞ ድካም ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አጀማመር

ማኪንቶሽን በ1979 የጀመረው ጄፍ ራስኪን ነው። ራስኪን ቀድሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳን ዲዬጎ መምህር የነበረ ሲሆን በአፕል የመመሪያ ጽሑፎች ክፍል ኃላፊ ነበር። መመሪያ የሚያዘጋጅ ሰው እንደመሆኑ ኮምፒዩተር ለተራ ሰው የቱ ላይ እንደሚያስቸግር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ያሰበው ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ፣ ከሣጥኑ ወጥቶ ወዲያው የሚሠራ፣ ገዢው ውስጡን መክፈት የማያስፈልገው መሣሪያ ነው። ዋጋውን መጀመሪያ 500 ዶላር፣ ቀጥሎም 1,000 ዶላር ገደማ ሊያደርገው አቅዶ ነበር። ስሙን ያወጣው ከሚወደው የፖም ዝርያ ነው። አጻጻፉን ጥቂት የለወጠው ተመሳሳይ ስም ካለው የድምፅ መሣሪያዎች አምራች ጋር እንዳይጋጭ ብሎ ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ስቲቭ ጆብስና ሌሎች የአፕል ሰዎች በፓሎ አልቶ የሚገኘውን የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ጎብኝተው በማውስና በመስኮቶች የሚሠራ ኮምፒዩተር ተመለከቱ። አፕል ይህን ዘዴ ሊሳ በተባለው ትልቅ ኮምፒዩተሩ ላይ ተግባራዊ ለማድረግ ተነሣ። ሊሳ በ1983 መጀመሪያ ሲወጣ ዋጋው 9,995 ዶላር ስለነበር ለቤት የሚገዛ ዕቃ አልሆነም። ጆብስ በ1980 ከሊሳ ሥራ እንዲወጣ ተደረገ። ፊቱንም ወደ ራስኪን ትንሽ ቡድን አዞረና በ1981 መጀመሪያ መሪነቱን ያዘ። ሁለቱ ሰዎች አልተስማሙም፤ ራስኪን በ1982 ኩባንያውን ለቀቀ። ብዙ ጊዜ የማኪንቶሽ አባት ተብሎ የሚጠራው ራስኪን የመሣሪያው መለያ የሆነውን ማውስ እንኳ አልደገፈውም ነበር፤ የተሸጠው ኮምፒዩተር እርሱ ካሰበው በእጅጉ የተለየ ነው።

የሃርድዌሩ ሥራ

የኮምፒዩተሩን ዋና ሰሌዳ የነደፈው ቡሬል ስሚዝ ነው። ስሚዝ በአፕል የጥገና ክፍል የተበላሹ ኮምፒዩተሮችን የሚያድስ ቴክኒሺያን ነበር። የምሕንድስና ዲግሪ አልነበረውም፤ ሙያውን በራሱ ጥረት የተማረ ነው። ችሎታውን አይቶ ለራስኪን ያስተዋወቀው ቢል አትኪንሰን ነው።

የስሚዝ የመጀመሪያ ሰሌዳ ሞቶሮላ 6809 በተባለ አነስተኛ ፕሮሰሰርና በ64 ኪሎባይት ሜሞሪ የሚሠራ ነበር። ይሁን እንጂ ከሕክምና ትምህርቱ ፈቃድ ወስዶ በቡድኑ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፕሮግራመር በድ ትሪብል፣ የሊሳን ሶፍትዌር ለመጠቀም የሚቻለው በሊሳ ውስጥ ያለው ሞቶሮላ 68000 ሲገባ ብቻ እንደሆነ አሳሰበ። 68000 ውድ ነበር፤ በዙሪያውም ብዙ ቺፖችን የሚፈልግ ነው። ስሚዝ በ1980 መጨረሻ ያቀረበው ንድፍ ከሊሳ በጣም ባነሱ ቺፖች የሚሠራ፣ ዋጋው የወረደ፣ ከዚያም አልፎ የሚፈጥን ሆነ። የሊሳ ፕሮሰሰር በ5 ሜጋኸርዝ ሲሠራ የማኪንቶሹ ወደ 8 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። ጆብስ ዓይኑን ወደ ማኪንቶሽ እንዲያዞር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ሰሌዳ ነው።

ሰሌዳው ከዚያ በኋላም በተደጋጋሚ ተሻሽሏል። ብዙ ቺፖችን በአንድ ለመተካት የታሰበ ልዩ ቺፕ ለወራት ተሠርቶ በመጨረሻ ሳይሳካ ተጥሏል። ለሽያጭ የቀረበው መሣሪያ 128 ኪሎባይት ሜሞሪ፣ 64 ኪሎባይት ቋሚ ሜሞሪ፣ እንዲሁም ባለ 9 ኢንች ጥቁርና ነጭ ስክሪን ነበረው። ስክሪኑ በአግድም 512፣ በቁም 342 ነጥቦች አሉት። እነዚህ ከ175,000 በላይ ነጥቦች እያንዳንዳቸው በሜሞሪ ውስጥ አንድ ቢት ስለሚይዙ፣ ስክሪኑ ብቻውን ከሜሞሪው አንድ ስድስተኛውን ይወስድ ነበር። የሶፍትዌሩ ሠሪዎች ሥራቸውን ሁሉ በቀረው ውስጥ ማብቃቃት ነበረባቸው።

ሶፍትዌሩና ሠሪዎቹ

አንዲ ኸርትስፌልድ የስርዓተ ክወናውን ትልቅ ክፍል ጽፏል። ወደ ቡድኑ የገባው በ1981 መጀመሪያ ሲሆን፣ ይሠራበት የነበረውን የአፕል 2 ሥራ ለማጠናቀቅ ጥቂት ቀን ቢጠይቅም ጆብስ ኮምፒዩተሩን ከሶኬት ነቅሎና ተሸክሞ ወደ አዲሱ ቢሮ እንደወሰደው ራሱ ኸርትስፌልድ ጽፏል። የሥራው መርሐ ግብር መሣሪያው በ1982 መጀመሪያ ለገበያ እንደሚቀርብ ይናገር ነበር። ይህ እንደማይሆን ሠራተኞቹ ያውቁ ነበር፤ ጆብስ ግን አልተቀበለም። በድ ትሪብል ጆብስ አጠገቡ ያሉትን ሰዎች የማይቻለውን ይቻላል ብለው እንዲያምኑ የማድረግ ኃይሉን ከአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም በተዋሰው ቃል “እውነታን የሚያጣምም መስክ” ብሎ ሰየመው። አባባሉ እስከ ዛሬ ከጆብስ ስም ጋር ይነሣል።

ቢል አትኪንሰን በስክሪኑ ላይ መስመርን፣ ፊደልንና ቅርጽን የሚሥለውን ኩዊክድሮው የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። ይህ ፕሮግራም የቋሚ ሜሞሪውን ሲሶ ያህል ይይዛል። አትኪንሰን ክብንና ሞላላ ቅርጽን በፍጥነት የሚሥልበትን ዘዴ ባሳየ ጊዜ ጆብስ ማዕዘኖቹ የተጠጋጉ አራት ማዕዘንስ ብሎ ጠየቀ። አትኪንሰን እንደማያስፈልግ ሲመልስለት ጆብስ በክፍሉ ያለውን ሰሌዳና ጠረጴዛ፣ ከዚያም ወደ ውጭ ይዞት ወጥቶ የመንገድ ምልክቶችን እያሳየ ቅርጹ በየቦታው እንዳለ አስረዳው። አትኪንሰን በማግሥቱ ዘዴውን አግኝቶ መጣ። ዛሬ በስልክና በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የተጠጋጋ ማዕዘን የሌለው ቁልፍ ማግኘት እንደሚያስቸግር ልብ ይሏል።

የዚህ ዓይነት ሥራ ልኩ ምን እንደሆነ ለአስተዳዳሪዎች ግልጽ አልነበረም። የሊሳ ኃላፊዎች በ1982 መጀመሪያ እያንዳንዱ ፕሮግራመር በሳምንት ስንት መስመር እንደጻፈ በቅጽ እንዲሞላ አዘዙ። አትኪንሰን በዚያ ሳምንት የኩዊክድሮውን አንድ ክፍል እንደገና ጽፎ ስድስት ጊዜ ያህል እንዲፈጥን ከማድረጉም በላይ 2,000 መስመር ያህል አሳጥሮት ነበር። በቅጹ ላይ “ከዜሮ በታች 2,000” ብሎ ሞላ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅጽ እንዲሞላ የሚጠይቀው አልተገኘም። ሜሞሪው ጠባብ በሆነበት ኮምፒዩተር ላይ ጥሩ ሥራ ማለት ብዙ ጊዜ መቀነስ ነበር፤ በመስመር ብዛት የሚለካ ሰው ግን ይህን ሥራ እንደ ስንፍና ይቆጥረዋል።

በስክሪኑ ላይ ያሉትን ትንንሽ ስዕሎች የሠራችው ሱዛን ኬር ናት። ኬር በሥነ ጥበብ የዶክትሬት ዲግሪ ያላት፣ ከኸርትስፌልድ ጋር ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የምትተዋወቅ ስትሆን ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ ልምድ አልነበራትም። ስዕሎቹን መጀመሪያ ያዘጋጀችው ባለ መስመር የሒሳብ ወረቀት ላይ ካሬዎችን እያጠቆረች ነው። አንድ ስዕል 32 በ32፣ ማለትም 1,024 ካሬ ብቻ ነበረው። ፈገግ ያለው ኮምፒዩተርና የቆሻሻ መጣያው ከዚያ ወረቀት የወጡ ናቸው። ለትእዛዝ ቁልፉ የተመረጠው ባለ አራት ቀለበት ምልክት በስዊድን መንገዶች ላይ የሚጎበኙ ቦታዎችን ለማመልከት የሚያገለግል ነው። ኬር የፊደል ቅርጾችንም ነድፋለች። መጀመሪያ በፊላደልፊያ አካባቢ ባሉ የባቡር ጣቢያዎች ስም ተሰይመው ነበር፤ ጆብስ የታላላቅ ከተሞች ስም ይሁን በማለቱ ችካጎ፣ ጄኔቫ፣ ካይሮ ተባሉ።

ጆብስ የጠየቃቸው ነገሮች

ጆብስ ፕሮግራም አይጽፍም፣ ሰሌዳም አይነድፍም። ሥራው መጠየቅ፣ መንቀፍና መምረጥ ነበር። በኋላ የተጻፉ ታሪኮች ይህን አንዳንዴ እንደ ተአምር፣ አንዳንዴ እንደ ጭካኔ ያቀርቡታል። ከጥያቄዎቹ መካከል ግን ልዩነት አለ።

ጥቅሙ ለተጠቃሚው የደረሰበት ምሳሌ የኮምፒዩተሩ አነሣስ ነው። መሣሪያው ሲበራ ለሥራ እስኪዘጋጅ የሚፈጀው ጊዜ በ1983 ረዝሞ ነበር። ጆብስ ለዚህ ክፍል ኃላፊ ለነበረው ፕሮግራመር ለላሪ ኬንየን ያቀረበው ክርክር፦ አምስት ሚሊዮን ሰዎች በየቀኑ ኮምፒዩተሩን ቢያበሩና ከእያንዳንዱ 10 ሴኮንድ ቢቀነስ፣ በዓመት የብዙ ሰዎች ዕድሜ ይተርፋል የሚል ነበር። ሒሳቡ ሲሠራ በዓመት ወደ 580 ዓመት ገደማ ይሆናል፤ ለብዙ ሰዎች ባይሆንም ለሰባት ሰው ዕድሜ ይበቃል። ፕሮግራመሮቹ በቀጣዮቹ ወራት ከ10 ሴኮንድ በላይ ቀነሱ።

ሌላው ምሳሌ የሒሳብ ማሽኑ ነው። ክሪስ ኤስፒኖዛ በስክሪን ላይ የሚታይ የሒሳብ ማሽን ሠርቶ ባሳየ ቁጥር ጆብስ መስመሩ ወፈረ፣ ቁልፉ አነሰ እያለ ይመልሰው ነበር። ኤስፒኖዛ ከጥቂት ቀናት በኋላ የመስመሩን ውፍረት፣ የቁልፎቹን መጠንና የጀርባውን ቀለም ጆብስ ራሱ እየለዋወጠ እንዲመርጥ የሚያስችል ፕሮግራም ሠርቶ አስቀመጠለት። ጆብስ አሥር ደቂቃ ያህል ሞክሮ የሚወደውን አገኘ። ያ ቅርጽ በማኪንቶሽ ላይ ከአሥር ዓመታት በላይ ቆይቷል።

ባዶ ድካም የሆኑም አሉ። ጆብስ በ1981 የዋናውን ሰሌዳ ንድፍ ተመልክቶ የሜሞሪ ክፍሉ መስመሮች ተጠባብቀው አያምሩም አለ። ማንም ገዢ ሰሌዳውን እንደማያየው ቢነገረውም አልተቀበለም። የተዋበው ሰሌዳ 5,000 ዶላር ያህል ወጥቶበት ተሠራ፤ እንደተፈራው በትክክል አልሠራምና ወደ ቀድሞው ተመለሱ። ኮምፒዩተሩ ድምፅ እንዳያሰማ በማለት ማራገቢያ እንዳይገባበት መከልከሉ ደግሞ ጸጥ ያለ መሣሪያ ሰጥቷል፤ በሌላ በኩል ሙቀት የበዛበትና በሙቀት ምክንያት የሚበላሽ እንዲሆን አድርጎታል።

ከሁሉ የከበደው ግን ኮምፒዩተሩ እንዳይስፋፋ የተጣለው እገዳ ነው። ተጨማሪ ካርድ የሚገባበት ቦታ ተከለከለ። ስሚዝ “የምርመራ ማገናኛ” በሚል ስም አንድ ሊያስገባ ሞክሮ ተነቃበት። የሜሞሪው ጉዳይ ግን አላመለጠውም፤ ወደፊት ትላልቅ ቺፖች ሲረክሱ ሜሞሪው ወደ 512 ኪሎባይት እንዲያድግ የሚያስችሉ ጥቂት መስመሮችን በሰሌዳው ላይ አስቀረ።

በፍሎፒ ዲስኩም ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ለማኪንቶሽ የታሰበው አፕል ራሱ የሠራው፣ በሊሳም ላይ የነበረው ባለ 5.25 ኢንች የዲስክ ማንበቢያ ነበር። ይህ መሣሪያ በተደጋጋሚ ስለሚሳሳት በ1983 መተው ግድ ሆነ። መሐንዲሶቹ የሶኒን ባለ 3.5 ኢንች ማንበቢያ ሲመርጡ ጆብስ ከሌላ የጃፓን ኩባንያ ጋር ርካሽ ቅጂ እንዲሠራ ወሰነ። መሐንዲሶቹ ያ ኩባንያ በጊዜው እንደማይደርስ ስላመኑ ከሶኒ ጋር ያላቸውን ግንኙነት በስውር ቀጠሉ። ጆብስ በድንገት ወደ ቢሮው በመጣ ጊዜ ለሥራ የመጣውን የሶኒ መሐንዲስ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ እስከመደበቅ ደረሱ። ኩባንያው በጊዜው እንደማይደርስ ሲያስታውቅ የሶኒው ዝግጁ ነበር። ጆብስ ስላልታዘዙት አመሰገናቸው።

በሳምንት 90 ሰዓት

በ1983 የሥራው ሰዓት እጅግ ረዘመ። የኩባንያው የሒሳብ ክፍል ሰዎች “በሳምንት 90 ሰዓት፣ ደስ እያለን” የሚል ጽሑፍ ያለበት ሹራብ አሠርተው ለቡድኑ አደሉ። ሹራቡን ብዙዎቹ በኩራት ለበሱት። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ጆብስ በባሕር ኃይል ከመመዝገብ የባሕር ወንበዴ መሆን ይሻላል የሚል መፈክር አውጥቶ ስለነበር፣ ፕሮግራመሩ ስቲቭ ካፕስ ጥቁር ባንዲራ ሰፋ፤ ኬር የራስ ቅል ሣለችበት፤ ባንዲራውም በሕንፃው ላይ ተሰቀለ።

የመጨረሻው ፈተና የመጣው በጃንዋሪ 1984 ነው። ሶፍትዌሩ ለብዜት ወደ ፋብሪካ የሚላክበት ሰዓት ሰኞ ጃንዋሪ 16 ከንጋቱ 12 ሰዓት ነበር። ከዚያ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ ፕሮግራመሮቹ ያልተስተካከሉ ስሕተቶች ስላሉ ለነጋዴዎች ጊዜያዊ ቅጂ ተልኮ ሁለት ሳምንት እንዲጨመርላቸው በስልክ ጠየቁ። ኒው ዮርክ የነበረው ጆብስ ሳይቆጣ፣ ችሎታቸውን እያደነቀ፣ ቀኑ እንደማይለወጥና ሶፍትዌሩ ስማቸው እንዳለበት እንደሚወጣ ነገራቸው። ሳምንቱን በቡናና በቸኮሌት ሌሊቱን እየነጉ ሠሩ። ሥራው ያለቀው ቀነ ገደቡ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው።

ጃንዋሪ 22 በአሜሪካ እግር ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ሪድሊ ስኮት ያዘጋጀው ማስታወቂያ ተላለፈ። ከሁለት ቀን በኋላ በኩፐርቲኖ፣ በደ አንዛ ኮሌጅ አዳራሽ በተደረገው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ጆብስ ኮምፒዩተሩን ከከረጢት አውጥቶ አሳየ፤ ኮምፒዩተሩም በራሱ ድምፅ ተናገረ። በመድረኩ ላይ የነበረው ግን ገዢ የሚያገኘው ዓይነት አልነበረም። ትዕይንቱ በ128 ኪሎባይት ስለማይሠራ የተጠቀሙት 512 ኪሎባይት ያለውን የሙከራ መሣሪያ ነው።

ዋጋና ሽያጭ

ቡድኑ ሲሠራ የቆየው ዋጋው 1,995 ዶላር ይሆናል በሚል ነበር። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ጆን ስከሊ ለማስታወቂያው ወጪ 500 ዶላር አስጨመረና 2,495 ሆነ። እያንዳንዷን ቺፕ ለመቀነስ ሲታገሉ ለኖሩት መሐንዲሶች ይህ መራራ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት 70,000 ያህል ተሸጠ፤ ከዚያ ገበያው ቀዘቀዘ። ሜሞሪው ስላነሰ በማክራይት የሚጻፍ ጽሑፍ ከአሥር ገጽ ገደማ አያልፍም። ዲስክ ማንበቢያው አንድ ብቻ በመሆኑም አንድን ዲስክ ለመቅዳት ሁለቱን ዲስኮች ደጋግሞ ማውጣትና ማስገባት የግድ ነበር። አፕል በሴፕቴምበር 1984 ባለ 512 ኪሎባይቱን ሲያወጣ የሰሌዳው ዝግጅት አስቀድሞ ተደርጎ ነበር፤ ስሚዝ ያስቀራቸው መስመሮች አገለገሉ። ማኪንቶሽን በገበያ ያቆመው በ1985 የወጣው ሌዘርራይተር የተባለው ማተሚያና ፔጅሜከር የተባለው የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው። ጋዜጣና መጽሔት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማዘጋጀት የተጀመረው በእነዚህ ነው።

የሠሪዎቹ ዕጣ

በ1982 የቡድኑ አባላት በትልቅ ወረቀት ላይ ፈረሙ፤ ፊርማቸው በፕላስቲኩ ቅርጽ ማውጫ ላይ ተቀርጾ በእያንዳንዱ ማኪንቶሽ የጀርባ ሽፋን ውስጥ እንዲታተም ተደረገ። ሽፋኑ ረጅም ልዩ መፍቻ ስለሚፈልግ አብዛኛው ገዢ አላየውም።

ቡድኑ ግን ብዙ አልቆየም። በ1984 መጀመሪያ ከሊሳ ቡድን ጋር ተዋሐደ። ኸርትስፌልድ በዚያው ዓመት፣ ስሚዝ በ1985 መጀመሪያ ለቀቁ። ስሚዝ በሹራቡ ላይ ካለው 90 ውስጥ 9ን በመሸፈን “በሳምንት 0 ሰዓት” እንዲነበብ አደረገ። ጆብስ ራሱ ከስከሊ ጋር ተጣልቶ በሴፕቴምበር 1985 ወጣ። አትኪንሰን ቆይቶ በ1987 ሃይፐርካርድ የተባለውን ፕሮግራም አወጣ።

አፕል በ1986 አንድ ሜጋባይት ሜሞሪና የውጭ ዲስክ ማገናኛ ያለውን ማኪንቶሽ ፕላስ አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ማኪንቶሽ ኤስኢ በውጭ መልኩ ከመጀመሪያው ብዙም አይለይም፤ በውስጡ ግን ማራገቢያም ተጨማሪ ካርድ የሚገባበት ቦታም ነበረው።